የእንጨት መፍለጫና ባለአራት ጎማ ሞተር፦ ሦስት ክረምት ከሠራሁባቸው በኋላ

እማዬ እንጨት የምትመርጠው በጆሮዋ ነው። ከክምሩ ላይ ሁለት ፍልጥ ታነሳና ታጋጫቸዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቀዋል። ድምፃቸው ከታፈነ ውስጣቸው ውሃ አለ፤ መልሳ ትከምራቸዋለች። ባለፈው ነሐሴ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳያት ከሃያ በላይ ፍልጥ አጋጨች። አንዱም ወደ ክምሩ አልተመለሰም። በነሐሴ! ጎንደር ላይ ክረምት ያሳለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የምጽፈው ስለ ሁለት ማሽኖች ነው። አንዱ በዘይት ግፊት (በሃይድሮሊክ) የሚሠራ የእንጨት መፍለጫ ነው። ሌላው ኤቲቪ የሚሉት ባለአራት ጎማ ሞተር ነው። ሁለቱም በ2015 ዓ.ም. ነው ወደ ግቢያችን የገቡት። ከጎንደር ወጣ ባለችው ሰፈራችን፣ ወለቃ፣ በእኛ በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ይልና ይጠይቀኛል። «ስንት ፈጀብህ? ያዋጣል? ለእኔስ ይሆነኛል?» ይላል። መልሴ ለሁለቱ አንድ ዓይነት አይደለም። መፍለጫውን ዛሬ ቢወስዱብኝ ነገ ሌላ አሠራለሁ። ሞተሩን ቢወስዱብኝ አዝናለሁ እንጂ ኑሯችን አይቆምም።

መጀመሪያ ስለ ግቢው ልንገራችሁ። ወደ ደባርቅ የሚወስደውን አስፋልት ለቅቆ ወደ ቁልቁለቱ ሲወረድ ግማሽ ሄክታር ያህል ባሕር ዛፍ አለን። አባቴ ነው የተከለው። ቤቱ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ዛፉ መሃል ላይ ነው። ታች ወንዙ ዳር ደግሞ ጎመንና ድንች የምንተክልበት ቦታ አለ። ቀጥ ያሉትን ዛፎች አጠና አድርገን እንሸጣለን። ጠማማውና ወፍራሙ ለማገዶ ይቀራል። እማዬና እህቴ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ይጋግራሉ። ለሰርግና ለተዝካር ጠላ ይጠምቃሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን፤ መብራት ሲኖር እሰየው ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሊጡ አይጠብቅም። እንኩሮ ለማመስ ደግሞ ሁልጊዜም እሳት ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ማገዶ እንደ ጤፍና እንደ ጌሾ የሥራ ዕቃ ነው።

በፊት የሚፈልጡልን አንድ አባት ነበሩ። እኛ እንደምንጠራቸው «አያ» ልበላቸው። ምሳራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ማለዳ ይመጣሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ይጀምራሉ። እጃቸው የተባረከ ነው። ግን እሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ የሚጠብቃቸው ሰፈር ሙሉ ነው። ጥቅምት ላይ የቆረጥነውን ግንድ አንዳንዴ የካቲት፣ አንዳንዴ መጋቢት ላይ ነበር የሚደርሱበት። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዛፍ ትኩስ ሆኖ ሲፈለጥ ይታዘዛል። ግንዱ ሳይፈለጥ ከከረመ ግን ከውጭ ይደርቅና ክሮቹ ይቆላለፋሉ። ምሳሩን ነክሶ ይይዛል፣ አይለቅም። ውስጡ ደግሞ ገና እርጥብ ነው፤ ልጡ ውሃውን አፍኖ ያስቀረዋል። እንጨት ሲፈለጥ ውሃው የሚወጣበት ገጽ ያገኛል። ዘግይቶ የተፈለጠ እንጨት ሰኔ ሲገባ ገና አልደረቀም፣ ከዚያ ዝናቡ ይቀድመዋል። ሐምሌንና ነሐሴን የምንጋግረው በዚያ እንጨት ነበር።

እርጥብ እንጨት ሲነድ እሳቱ መጀመሪያ ውሃውን ነው የሚያፈላው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ ያህል ውሃ ነው። ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ሙቀቱ ምጣዱ ላይ በወጉ አይደርስም። በደንብ ያልነደደው ነገር ደግሞ ጭስ ይሆናል። ጭሱ የሚሄደው ወደ እማዬ ዓይን ነበር። እሷ አንድ ቀን አማርራ አታውቅም። እኔ የገባኝ በ2014 ክረምት ምጣዷን ከጥግ አንስታ በሩ ስር ስታደርገው ነው። ዝናቡ ጀርባዋን እየመታት ትጋግር ነበር። «ምነው እማዬ?» ስላት «እዚህ አየር አለ» ብቻ አለችኝ። ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነበር። ያን ቀን ነው ይህን ነገር መፍታት አለብኝ ብዬ የተነሳሁት።

ከውጭ የመጣ ዝግጁ ማሽን አዲስ አበባ አስጠይቄ ነበር። ዋጋው ከበደኝ፣ መለዋወጫውም አሳሰበኝ። ስለዚህ እዚሁ ከተማ አንድ ብየዳ ቤት አሠራሁት። ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። በደምቢያና በፎገራ ገበሬው ለመስኖ ውሃ የሚስብበትን ዓይነት ሆን ብዬ መረጥኩ። ካንዴላው፣ ካርቡራተሩ፣ የማስነሻ ገመዱ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። የሚጠግን ልጅም አይጠፋም። ሲሊንደሩ ከአሮጌ ሎደር የተፈታ ነው፤ የውስጡ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። አልጋው ከወፍራም የብረት ምሰሶ ተሠራ። ሽብልቁ አንዱ ጫፍ ላይ ተበይዶ ይቆማል። የሲሊንደሩ ዘንግ ግንዱን እየገፋ ያመጣለታል።

ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋው ፓምፕ ላይ ግን አትቆጥቡ። አዲስ ይሁን፣ ሁለት ደረጃም ይኑረው። ባዶውን ሲሄድ ብዙ ዘይት እየላከ በፍጥነት ይገፋል። ሽብልቁ እንጨቱን ነክሶ ሲከብደው በራሱ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይዞራል። ያኔ ጥቂት ዘይት በከፍተኛ ግፊት ይልካል። ጆሮ ይሰማዋል፤ ሞተሩ ድምፁን ወፈር ያደርጋል፣ ዘንጉ ይዘገያል፣ ከዚያ እንጨቱ ይከፈታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሲሊንደሩ ፊት ስፋት 78 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ግፊቱን 150 ባር ላይ አስረነዋል፤ አንድ ባር በሳንቲ ሜትር ካሬ አንድ ኪሎ ያህል ነው። ሲባዛ 12 ቶን ገደማ ይመጣል። ለእኛ ባሕር ዛፍ ይህ በቂ ነው። ጉጥ የበዛበት ወፍራም ጉቶ ካልሆነ በቀር ያቃተው ነገር የለም።

አንድ ነገር ጎንደር ላይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 6.5 ተብሎ የተገዛው እኛ ጋ 5 ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ካርቡራተሩን ለከፍታው ያስተካከለልኝ ልጅ ካንዴላውን ነቅሎ ጥላሸቱን በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ጭሱ ቀረ። የመፍለጫው ኃይል ግን በከፍታ አይቀንስም። የሚቀንሰው ፍጥነቱ ነው፤ 12 ቶኑን የሚሰጠው ግፊቱ ነውና።

የመጀመሪያውን ግንድ አልረሳውም። ጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ከተቆረጠ አራት ቀኑ። 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ ውፍረቱ የሰው ወገብ ያህላል። እጀታውን ገፋ አደረግሁት። ዘንጉ መጥቶ ግንዱን ከሽብልቁ ጋር አጣበቀው። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ በተቆረጠው ፊቱ ላይ ውሃ አቸፈቸፈ፤ ከእንጨቱ ቀዳዳዎች እንደ ላብ ጠብ ጠብ እያለ ወጣ። የባሕር ዛፍ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። ከዚያ ከውስጡ አንድ ረጅም የመቀደድ ድምፅ መጣ፣ ግንዱ ለሁለት ተከፈተ። ውስጡ ነጣ ብሎ ያበራል። አሥራ አምስት ሰከንድ አልፈጀም።

አያ አጠገቤ ቆመው ነበር። እኔው ነኝ የጠራኋቸው፤ ሳልነግራቸው እንጀራቸውን የነጠቅሁ እንዳይመስላቸው። ዝም ብለው አዩት። ፍልጡን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሁለተኛውን ግንድ ሳስቀምጥ ግን እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ማሽኑ ጉጡን አያይም» አሉኝ። «አዙረው።»

ግንዱን አዞሩት። ጉጡ ከሽብልቁ ስለት ውጭ ሆነ። እንደ ዳቦ ተከፈለ። እኔ ባስቀመጥኩት በኩል ሞክረን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይጮህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ሠራተኛ እሳቸው ናቸው። እጀታውን የሚነካ ሌላ ሰው የለም። የቀን አበላቸው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ጨምሯል። አሁን እኛን በጥቅምት በአራት ቀን ጨርሰው ለጎረቤት ይፈልጣሉ። ማሽኑን ጎረቤት ሲወስደው እሳቸውም አብረው ይሄዳሉ፤ ውላችን ይህ ነው።

እንከኑንም ልናገር። የመጀመሪያው ሽብልቅ በሦስተኛው ሳምንት ብየዳው ላይ ተሰነጠቀ። ብየዳ ቤቱ የሠራው ከመኪና ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ለምሳርና ለማረሻ ግሩም ብረት ነው፤ አንጥረኞቻችን ያውቁታል። ግን ካርቦኑ ብዙ ነው። ቀዝቃዛውን እንዳለ ከበየዱት በብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። ቀድሞ በደንብ መሞቅ፣ ኋላም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። እነሱ ቸኮሉ፣ እኔም አላወቅሁም። ሁለተኛውን ሌላ ቦታ ከወፍራም ተራ ብረት አሠራሁት። ስለቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ በመሳያ ማሽን እንስለዋለን፤ እስካሁን ግን አልተሰነጠቀም። ስለት ለምሳር ነው የሚያስፈልገው። በ12 ቶን ለሚገፋ ነገር ወሳኙ ጽናቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር አስደንግጦኛል። በ2016 አንዱ የዘይት ቱቦ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ዘይቱ እንደ ጉም ይረጫል፤ ከየት እንደሚወጣ አይታይም። ሊያይልኝ የመጣው ልጅ እጁን ዘርግቶ ሊዳስስ ሲል ጮህኩበት። በ150 ባር ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ላይ ላዩ ትንሽ ነጥብ ትመስላለች፤ ውስጥ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን ቀድጄ ሰጠሁት። ካርቶኑን በቱቦው አጠገብ ሲያሳልፈው ዘይቱ መሃሉን በስቶት ወጣ። ልጁ ካርቶኑን አየ፣ ጣቱን አየ፣ ምንም አላለም። ይህን ማሽን የሚያሠራ ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም። ሞተሩ ይጥፋ፣ እጀታው ወዲያና ወዲህ ተደርጎ ግፊቱ ይልቀቅ፣ ከዚያ ነው የሚነካው።

ሌላም ደንብ አለን። እንጨት የሚያስቀምጠውም እጀታውን የሚይዘውም አንድ ሰው ነው። አንዱ እያስቀመጠ ሌላው ከገፋ ጣት ይሄዳል። አያ መጀመሪያ ላይ ይህ ሥራ ማብዛት መስሏቸው ነበር፤ አሁን ከእኔ በላይ ይቆጣጠራሉ። ሲሠሩ ሕፃን በአጠገባቸው ካለፈ ሞተሩን ያጠፋሉ።

እንደገና ባሠራው አንድ ነገር እለውጣለሁ። አልጋው ወገብ ላይ ይደርሳል። ለቀላል ግንድ ምቹ ነው፣ አያስጎነብስም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አንድ ሜትር ኩቡ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። ትልቁን ጉማጅ ወደ ላይ ማንሳት ወገብ ይጎዳል። አልጋው ወደ ታች ተዘቅዝቆ መቆም ቢችል ግንዱን መሬት ላይ አንከባልለን እናስገባው ነበር። ብየዳ ቤት የምትሄዱ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ተናገሩ። ኋላ ማስጨመር ይከብዳል።

ባለአራት ጎማውን ያገኘሁት በጨረታ ነው። ሥራውን የጨረሰ ፕሮጀክት ንብረቱን ሲሸጥ ከወንድሜ ጋር ተዋጥተን ገዛነው። 400 ሲሲ ነው፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ማርሹ አውቶማቲክ ነው፤ ለጭነት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽም አለው። ታርጋ የለውም፤ ስለዚህ አስፋልት አይረግጥም። ከቤት ወደ ዛፉ፣ ከዛፉ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ቤት ነው መንገዱ። ከላሜራ ትንሽ ተጎታች አሠራንለት።

እንደገዛነው ጎማው ጎደል ስላለብኝ ፈትቼ ከተማ ወስጄ አስነፋሁት። ጎሚስታው እንደ መኪና 30 ሞላልኝ። ጎማው ተመልሶ ሲገጠም ሞተሩ በየድንጋዩ ይነጥራል፤ መሪው ከእጄ ሊወጣ ነው። ተበላሽቶ የተሸጠልን መሰለኝ፣ አንድ ሌሊት ስበሳጭ አደርኩ። ጠዋት የጎማውን ጎን ጠርጌ ሳነበው የተጻፈው 5 ነው። የዚህ ሞተር ጎማ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ መሬቱን አቅፎ እንዲይዝ በትንሽ አየር ነው የሚሠራው። አየሩን ሳስተነፍሰው ሌላ ሞተር ሆነ። ጭቃው ላይ አይሰምጥም፣ ድንጋዩን ይውጠዋል።

ጥቅሙ የት ላይ ነው ካላችሁ፣ ውሃ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ በማይመጣበት ቀን እህቴ ከታች ባለ20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ታወጣ ነበር። አሁን ስምንት ጀሪካን በአንድ ጊዜ ይወጣል። ግንድ ከዛፉ ወደ መፍለጫው ያመጣል። የአጥር ቋሚ፣ ድንጋይ፣ ድርቆሽ ያመላልሳል። ሰኔ ላይ መንገዱ ሲጨቀይ ጋሪም ባጃጅም የማይደፍረውን ዳገት ይወጣል። በዚህ በኩል ስሙን አላጠፋም።

ግን አንድ ቀን ሊገድለኝ ነበር። መስከረም 2016 ነው። ፍግ ጭኜ ወደ ታች ወደ ድንቹ ቦታ እየወረድኩ ነበር። ፍጉ እርጥብ ነው፤ ሲታይ ያን ያህል አይመስልም፣ ሲመዘን ግን ሌላ ነው። ሣሩ ጤዛ ይዟል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬን ነካሁ። ሞተሩ ያዘ፣ ተጎታቹ ግን አልያዘም፤ ፍሬን የለውማ። ከኋላ ገፋኝ። የሞተሩ ጀርባ ወደ ጎን ዞረ። በዳገቱ ላይ አግድም ቆምኩ፣ በላይ በኩል ያሉት ሁለት ጎማዎች ከመሬት ተነሱ። ያን ጊዜ የነበረውን ጸጥታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሰውነቴን በሙሉ ወደ ዳገቱ ጣልኩ። የታችኛው ጎማ አንድ የድሮ ጉቶ ላይ ተደገፈና ቆመ። አባቴ የቆረጠው ዛፍ ጉቶ ነው። የእጄ አንጓ አንድ ወር አበጠ። ጉቶው ባይኖር ከ250 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ላዬ ላይ ይገለበጥ ነበር።

ይህ ሞተር ሰው የሚገድለው በአብዛኛው በመገልበጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ጥብቅ ነው። ወደ ታች ስንወርድ ከግማሽ በላይ አንጭንም። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተን ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው እናደርጋለን። ዳገት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አግድም አይሄድም። ስንወጣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ ወደፊት ዘንበል ብለን እንቀመጣለን። ተጎታቹ የሚታሰረው ከታች ካለው መንጠቆ ላይ ብቻ ነው። ከላይ ከዕቃ መጫኛው ካሰሩት ወደ ኋላ ይገለብጣል። ሁለት ሰው አይቀመጥም፣ የራስ ቁር ሳይደረግ አይነሳም። የሰፈሩ ልጆች «አንዴ ብቻ!» ብለው ይለምኑኛል። አልሰጥም። ይቅር ይበሉኝ፣ አልሰጥም።

አህያችን አሁንም አለች። 60 ኪሎ ያህል ትጭናለች፤ ሞተሩ በአንድ ምልልስ የሚያመጣው ለእሷ አራት ምልልስ ነው። ግን ቤንዚን አያስፈልጋትም። ቤንዚን በጠፋባቸው ሳምንቶች ውሃውንም እንጨቱንም ያመጣችው እሷ ናት። መንገዱን ታውቀዋለች፤ ቁልቁለቱ ላይ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ማንም አይነግራትም። ስለዚህ ሞተር ገዛሁ ብሎ አህያውን የሚሸጥ ሰው ትንሽ ይቆይ እላለሁ። ጠዳና አዘዞ በኩል ሜዳ ላይ ያላችሁ ደግሞ ባለአራት ጎማ አያስፈልጋችሁም። ባለሦስት እግሩ የጭነት ባጃጅ ይሻላችኋል። ታርጋ አለው፣ እንጨቱን ቅዳሜ ገበያ ድረስ ያደርሳል፣ በቀረው ቀን የሰው ዕቃ ጭኖ ብር ያመጣል። የእኛ ዓይነት ዳገትና ጭቃ ላለበት ሰው ብቻ ነው ባለአራት ጎማው ትርጉም የሚኖረው።

ወደ ብሩ ልምጣ። መፍለጫው በ2015 ዋጋ ከነሽብልቁ ጥገና 127 ሺህ ብር ፈጀብኝ። ባለአራት ጎማውን በ240 ሺህ ነው የገዛነው። ዛሬ በዚህ ዋጋ አታገኙም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ፓምፑም፣ ቱቦውም፣ ዘይቱም ሌላ ሆኗል። መፍለጫው በሰዓት አንድ ሊትር ቤንዚን ገደማ ይጠጣል። አያ በምሳር ቀን ሙሉ የሚሠሩትን በሰዓት ተኩል ይጨርሳል። እኛ በዓመት የምንፈልገው የአራት ቀን ሥራ ነው። ለአራት ቀን ሥራ ይህን ያህል ብር ማውጣት ለአንድ ቤት ይከብዳል፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። የሚያዋጣው ለአምስት ስድስት ቤት በጋራ ሲሆን ነው። እኔ ብቻዬን ገዛሁት፤ አሁን ሰባት ቤት ይጠቀምበታል። ቤንዚኑን የሚፈልጠው ቤት ይችላል፣ ለጥገና ትንሽ ብር ይጨምራል፣ የአያን አበል ይከፍላል። ባለፈው ጥር ሁለት ሰርግ ነበረብን፤ ለሁለቱም ማሽኑ ራሱ ድግሱ ቤት ሄዶ ነው የፈለጠው።

መፍለጫ የገዛ ሰው አከማቸቱን ካላወቀ ግን ብሩን ጣለ ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሊያበላሽብኝ ደርሶ ነበር። ፍልጡን ከምሬ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ጠቀለልኩት። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ነው። በሦስት ሳምንት ስገልጠው ሽታው ሌላ፣ ፍልጡ ላይ ነጭ ሻጋታ። ውሃው ከእንጨቱ ወጥቶ መሄጃ አጥቷል። እማዬ ላስቲኩን ገፍፋ ለጌሾ ማስጫ ወሰደችው። አሁን ከታች አጠና እንደረድራለን፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ክምሩ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ፊቱን ይሰጣል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በጎንደር ፀሐይና ነፋስ የቆየ የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ሰኔ ሲገባ ክብደቱ ራሱ ይለያል። በእጅ ሲነሳ ይቀላል። ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ መስመር ያወጣል።

ብዙ ሰው ወይራስ ይፈልጣል ወይ ይለኛል። ይፈልጣል፤ ይከብደዋል እንጂ። ግን እኛ ወይራ አንቆርጥም። ወይራና ጥድ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው የቀረው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዞሮ ያየ ያውቀዋል። ጋኑን ለማጠን የሚበቃን ደረቅ ወይራ በነፋስ ከወደቀ ቅርንጫፍ እናገኛለን። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣልን ለዚሁ ሥራ ነው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በ2015 ከቆረጥነው ጉቶ የበቀሉት ቡቃያዎች አሁን ከእኔ ቁመት በእጥፍ ይበልጣሉ።

ምጣዱ ወደ ጥጉ ተመልሷል። በ2015 ክረምት ነው እማዬ ራሷ ያነሳችው፤ እኔ አልነገርኳትም። አንድ ጠዋት ገብቼ ሳይ በሩ ስር ባዶ ነው። እሷ ጥግ ሆና እንጀራ ታወጣለች። ጭስ ጨርሶ የለም አልላችሁም፤ ጉልቻ ጉልቻ ነው። ግን ከምጣዱ ማዶ ያለው ግድግዳ ይታያል፣ ፊቷም ይታያል።

የሃይድሮሊክ ዘይቱን ትናንት ቀየርኩ፤ 46 ቁጥር ነው የምጠቀመው። ያረጀውን ቱቦ የሚተካ አዲስ ቱቦ ከአዲስ አበባ መጥቶልኛል። ዛፉን በጥቅምት መጀመሪያ እንቆርጣለን። አያ ለጥቅምት 12 ቀጠሮ ይዘውልኛል፤ ከእኛ ቀጥሎ የታችኛው ጎረቤታችን ናቸው።